መያዝ ማዳን አይደለም

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዕድሜያቸውን በጉምሩክ ፍተሻ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፤ “ጋሼ” እንላቸዋለን። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ የዱር እንስሳት ሐኪም ስትሆን በመካከለኛው አፍሪካ መጠለያዎች ሠርታለች፤ “ሐኪሟ” እንላታለን። በጭውውታቸው የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ ኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ የተያዘውን የጎሪላ ግልገል ወሬ መቼም ሰምተሻል። በ2024 መጨረሻ ነው፤ ከናይጄሪያ ተጭኖ ወደ ባንኮክ ሲያልፍ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ዘይቲን ብለው ስም አወጡለት። እኔማ “እሰይ የሙያ ጓዶቼ!” አልኩ። ዕቃው ተያዘ፣ ግልገሉ ዳነ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

ሐኪሟ፦ ተያዘ እንጂ መች ዳነ፣ ጋሼ። ፋይሉም አልተዘጋም። ቱርኮቹ መጀመሪያ ወደ ናይጄሪያ ሊመልሱት አስበው ነበር። በኋላ የዘረመል ምርመራ ሲደረግለት የምዕራብ ቆላ ጎሪላ ሆኖ ተገኘ። ናይጄሪያ ያላት ደግሞ ሌላ ነው፤ ከካሜሩን ጋር በምትዋሰንበት ተራራማ ደን የሚኖረው የክሮስ ሪቨር ጎሪላ። ሳጥኑ ከናይጄሪያ ተነሣ እንጂ ግልገሉ የናይጄሪያ ልጅ አይደለም። በ2025 የመመለሱ ነገር ቀረና እዚያው ቱርክ እንዲቆይ ተወሰነ።

ጋሼ፦ ታዲያ ወደ ትክክለኛ አገሩ ይመልሱታ!

ሐኪሟ፦ የትኛው ነው አገሩ? የምዕራብ ቆላ ጎሪላ ካሜሩን አለ፤ ጋቦን አለ፤ ኮንጎ ብራዛቪል፣ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒም አለ። ሌባው ከየት እንዳነሣው አይናገርም። ቢታወቅስ? ለዓመታት የሚያሳድገው መጠለያ፣ ከዚያም የሚቀበለው ደን መኖር አለበት። “ወደ ጫካው ተመለሰ” ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ እንስሳው ሲሮጥ ነው።

ጋሼ፦ እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር። አውሬ አይደለም እንዴ? ጫካ የተወለደ አውሬ ጫካ ቢለቀቅ ምን ይሆናል?

ሐኪሟ፦ ይሞታል። የጎሪላ፣ የቺምፓንዚ፣ የቺምፓንዚ ዘመድ የሆነው የቦኖቦ ግልገል ዓመታትን ከእናቱ ሳይለይ ነው የሚያድገው። የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚጎዳ፣ ማታ ማታ ዛፍ ላይ መኝታ እንዴት እንደሚበጅ፣ ነብር ሲሸተት ወዴት እንደሚሸሽ፣ ሁሉንም ከእሷ ጀርባ ላይ ሆኖ ይማራል። በመጠለያ የምናየው ግልገል ይህን ሳይማር እናቱ የተገደለችበት ነው።

ጋሼ፦ እናቲቱን መግደል ግድ ነው?

ሐኪሟ፦ በሕይወት እያለች ልጇን የምትሰጥ እናት የለችም። በቡድን ስለሚኖሩ ሌሎቹም ሊከላከሉ ሲመጡ ይመታሉ። የአዋቂዎቹ ሥጋ ወደ ጫካ ሥጋ ገበያ ይሄዳል፤ ግልገሉ ለሥጋ ስለማይረባ በቁሙ ይሸጣል። ብዙዎቹ ገዢው እጅ ሳይደርሱ በውኃ ጥም፣ በቁስልና በድንጋጤ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2013 ያወጣው ጥናት ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ጎሪላው፣ ቺምፓንዚው፣ ቦኖቦውና የእስያው ኦራንጉታን ተደምረው ቢያንስ 22,218 በዚህ ንግድ ምክንያት ከዱር እንደጠፉ ይገምታል። አንዲት ቦኖቦ በአራት በአምስት ዓመት አንዴ ነው የምትወልደው። እንዲህ ያለ ዘር በዚህ ፍጥነት ሲታደን አይተካም።

ጋሼ፦ የጫካውን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ የወረቀቱን ነገር ግን ከእኔ ስሚ። የእንስሳ ኮንትሮባንድ በሌሊት በጫካ ለጫካ ብቻ አይደለም የሚሄደው። በቀን፣ በካርጎ፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ይሄዳል። ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ፤ አገራችንም በ1989 ገብታበታለች። በስምምነቱ አንደኛ ዝርዝር ላይ የሰፈረ እንስሳ ከዱር ተይዞ ለንግድ አይወጣም። ቀዳዳው ምን መሰለሽ? “በሰው እጅ ተዳቅሎ የተወለደ ነው” ከተባለ መንገድ ይከፈትለታል። ይህ በፈቃዱ ወረቀት ላይ በአንዲት ፊደል ነው የሚገለጸው። ሌባው የሚሾልከው በዚያች ፊደል ነው።

ሐኪሟ፦ እንደ ታይፒንጎቹ ጎሪላዎች።

ጋሼ፦ አዎ፣ እንደነሱ። በ2002 አራት የጎሪላ ግልገሎች ከናይጄሪያ ተነሥተው በደቡብ አፍሪካ በኩል ማሌዥያ፣ ታይፒንግ መካነ እንስሳት ገቡ። ወረቀቱ በናይጄሪያ የኢባዳን መካነ እንስሳት የተወለዱ ናቸው ይላል። ኢባዳን የነበረችው ግን አንዲት ያረጀች ሴት ጎሪላ ብቻ ናት። እንግዲህ አሮጊቷ ያለ ባል አራት ልጅ ወለደች ማለት ነው! በመንገዱ ላይ አንድ ፈታሽ ስልክ አንሥቶ ኢባዳንን ቢጠይቅ ጉዱ እዚያው ይፈላ ነበር።

ሐኪሟ፦ ከተጋለጠ በኋላ የሆነው ደግሞ እኔን ይገርመኛል። ማሌዥያ በ2004 የላከቻቸው ወደ ካሜሩን ሳይሆን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ መካነ እንስሳት ነው። ካሜሩን “የእኔ ናቸው” ስትል ቆይታ ሊምቤ የሚገኘው የዱር እንስሳት ማዕከል የደረሱት በ2007 መጨረሻ ነበር። ግልገል ሆነው ወጥተው ሊጎረምሱ ሲቃረቡ ተመለሱ። ሊምቤም ቢሆን መጠለያ ነው እንጂ የዱር ደን አይደለም። አገራቸው ገቡ፤ ጫካቸው ግን አልገቡም።

ጋሼ፦ የጊኒው ይብሳል። ከ2009 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ቺምፓንዚዎች በዚያችው ፊደል ወደ ቻይና ወጡ። ጊኒ ውስጥ ቺምፓንዚ የሚዳቀልበት ተቋም የሚባል ነገር የለም! በ2013 ሳይተስ ከጊኒ ጋር የሚደረገውን ንግድ አገደ፤ በ2015 ደግሞ ፈቃዱን ይሰጥ የነበረው የአገሪቱ ባለሥልጣን ታሰረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

ሐኪሟ፦ ለዚህ ነው መያዝ ማዳን አይደለም የምለው። መያዝ ሥራውን ያስጀምራል እንጂ አይጨርሰውም።

ጋሼ፦ እሺ፣ ተያዘ እንበል። ከአንቺ ዘንድ ደረሰ። ቀጥሎስ?

ሐኪሟ፦ መጀመሪያ ለይቶ ማቆያ። ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል ከሌሎቹ ሳይቀላቀል ይቆያል። ሳንባ ነቀርሳ አለበት ወይ? ሄፓታይተስስ? ምን ዓይነት ትል ይዟል? ሰውነቱ ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ የእኛ በሽታ ሁሉ ይይዘዋል፤ እኛን ሦስት ቀን የሚያስነጥሰን ጉንፋን እሱን ሊገድለው ይችላል። በሽታ ይዞ ጫካ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ በእሱ አያቆምም። ኢቦላ በጋቦንና በኮንጎ ብራዛቪል ደኖች ጎሪላዎችን በሺዎች ሲጨርስ ታይቷል። ለአንዱ አዝነን የለቀቅነው መንጋውን እንዲፈጅ አንፈልግም።

ጋሼ፦ ጤናው ከተረጋገጠስ?

ሐኪሟ፦ ከዚያ እናት ይፈለግለታል። ኪንሻሳ ዳርቻ ሎላ ያ ቦኖቦ የሚባል መጠለያ አለ፤ ክሎዲን አንድሬ የምትባል ሴት በ1994 የጀመረችው ነው። ቦኖቦ በዓለም ላይ የሚገኘው በዴሞክራቲክ ኮንጎ ብቻ፣ ያውም ከታላቁ የኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ ነው። እዚያ ለእያንዳንዱ ወላጅ አልባ ግልገል አንዲት የኪንሻሳ ሴት ትመደባለች። ታዝለዋለች፣ ታጥበዋለች፣ በጡጦ ታጠባዋለች፣ ሲቆጣም ትቆጣዋለች። መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ግን የሚታቀፈው ያጣ ግልገል መብል እምቢ ይላል፤ መድኃኒቴም አይሠራለትም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ እንዲህ ከሰው ጋር ተላምዶ እንዴት ነው ተመልሶ አውሬ የሚሆነው?

ሐኪሟ፦ ከባዱ ነገር ያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ሰው አይተርፍም፤ ኋላ ግን ሰውን ካልተወ ለጫካ አይበጅም። ሰውን የማይፈራ ቦኖቦ ወደ አዳኙ በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ሲጠነክር ከእኩዮቹ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ትልልቆቹ ወዳሉበት በአጥር ወደተከለለ ደን ይገባል። የሰው እጅ እየራቀ፣ የመንጋው ሕግ እየገዛው ይመጣል። በቦኖቦ ዘንድ የበላይነቱ የሴቶቹ ነው፤ የሚቀበሉትም የሚገሥጹትም እነሱ ናቸው። ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። የሚለቀቀውም አንድ እንስሳ ብቻውን አይደለም፤ አብሮ መኖር የለመደ ቡድን ነው።

ጋሼ፦ ሆኖ ያውቃል? ወይስ ተስፋ ብቻ ነው?

ሐኪሟ፦ ሆኗል። በ2009 የመጀመሪያዎቹ የሎላ ቦኖቦዎች ወደ ሰሜን ምዕራብ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ባሳንኩሱ አካባቢ ወዳለ ደን ተወሰዱ፤ ሥፍራው ኤኮሎ ያ ቦኖቦ ይባላል። በ2022ም ሌላ ቡድን ተከተላቸው። እዚያው ጫካ ውስጥ ወልደዋል። ለእኔ ማስረጃው ይህ ነው፤ የመጠለያ አጥር አይቶ የማያውቅ ግልገል።

ጋሼ፦ የሞተውን ግን አልነገርሽኝም። ሒሳብ ሲቀርብ ገቢም ወጪም ይቀርባል።

ሐኪሟ፦ ልክ ነዎት። ወጪውን በደንብ መዝግቦ ያወጣው በኮንጎ ብራዛቪል፣ በኮንኩዋቲ-ዱሊ ብሔራዊ ፓርክ የተሠራው ሥራ ነው። ከ1996 እስከ 2001 ድረስ 37 ወላጅ አልባ ቺምፓንዚዎች እዚያ ተለቀቁ። በ2005 የወጣው ጥናት እንደሚለው 23ቱ በአካባቢው በሕይወት ሲኖሩ ነበር፤ አምስቱ መሞታቸው ተረጋግጧል፤ ዘጠኙ የት እንደደረሱ አልታወቀም።

ጋሼ፦ ከሦስቱ ሁለቱ እንኳ አይሞሉም! ይኼን ድል ትይዋለሽ?

ሐኪሟ፦ ከሞት አፋፍ ለተመለሰ እንስሳ ብዙ ነው። ግን ድል ከማለት ይልቅ ትምህርት ብለው እመርጣለሁ። ቺምፓንዚ ለግዛቱ ቀናኢ ነው። በቦታው የነበሩት የዱር ወንዶች አዲስ የመጡትን ወንዶች አጥቅተዋል፤ ከእነሱም ሐኪም ባይደርስላቸው ኖሮ የሚሞቱ ነበሩ። ሴቶቹ ግን ወደ ዱሮቹ መንጋ እየገቡ ተቀባይነት ያገኙ አሉ። ከዚያ የተማርነው ምንድን ነው? የሚለቀቅበት ደን የዘሩ መኖሪያ የነበረ፣ አሁን ግን ጥቂቶች ብቻ የሚኖሩበት፣ ዘሩን ያጠፋው አደንም የቆመበት መሆን አለበት። ሦስተኛው ካልተሟላ የምንለቀው እንስሳ ለሁለተኛ ጊዜ ይታደናል።

ጋሼ፦ እንዲህ ያለ ደን ስንት ቦታ ይገኛል?

ሐኪሟ፦ ጥቂት። ለዚህ ነው መጠለያዎቹ የሞሉት። በሰው እጅ ያለ ቺምፓንዚ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ አንድ ግልገል የተቀበለ መጠለያ የሃምሳ ዓመት ቀለብ፣ ሕክምና፣ ጥበቃና ደመወዝ ተቀብሏል ማለት ነው። የወረሰው መንግሥት ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል።

ጋሼ፦ እንግዲህ መካነ እንስሳት ለምን ተፈጠረ? ቱርክም ሆነ ማሌዥያ ያቆዩት። ይበላል፣ ይታከማል፣ ነብር አይበላው።

ሐኪሟ፦ ለጫካ የማይበጁ አሉ፤ ዓይኑ የጠፋ፣ እጁ በወጥመድ የተቆረጠ፣ ከሰው ጋር አርጅቶ የቀረ። ለእነሱ ጥሩ ማቆያ ክብር ነው፤ አልክድም። የተሰረቀውን ሁሉ እዚያው እንተው ማለት ግን ለሌባው ገበያ መፍጠር ነው። መካነ እንስሳቱ በገንዘብ ቢገዛው ወንጀል ነው፤ ተይዞ በነፃ ቢሰጠው ደግሞ ስጦታ ሊሆን ነው? ሁለቱም ጋ ግልገሉ አንድ ቦታ ይገባል፤ ደኑ ግን ባዶ ይቀራል። ጎሪላና ቦኖቦ ፍሬ በልተው ዘሩን ርቀው የሚጥሉ ናቸው። እነሱ ሲያልቁ በእነሱ ሆድ እየተጓዘ ይበቅል የነበረው ዛፍም እያነሰ ይሄዳል።

ጋሼ፦ አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ በልቡ የሚለውን ልበልሽ። ኮንጎ ጦርነት አለ፣ ረሃብ አለ። እናቱን ያጣ የሰው ልጅ መንገድ ላይ ወድቆ ለዝንጀሮ ሞግዚት መቅጠር ነውር አይደለም?

ሐኪሟ፦ ሞግዚቷ ማን ሆነችና፣ ጋሼ? በዚያ ጦርነት መካከል የምትኖር ሴት ናት፤ በደመወዟ ልጆቿን የምታስተምር። ኤኮሎም ሰው የሌለበት ምድር አይደለም። ደኑ የኢሎንጋ-ፖ ሕዝብ ነው። ቦኖቦ እንዲገባበት የፈቀዱት እነሱ ናቸው፤ ጠባቂዎቹና ዱካ ተከታታዮቹም ከእነሱ የተቀጠሩ ናቸው። ጫካውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ የቀድሞ አዳኝ ነው፤ ጥሩ ጠባቂ የሚወጣውም ከዚያው ነው። ሰውየው ግልገል የሚሸጠው ሌላ ገቢ ስለሌለው ከሆነ፣ ገቢ የሌለው ሥራ ይዤለት ብመጣ ለምን ይሰማኛል?

ጋሼ፦ አዳኙ ድሀ ነው፤ እሱስ ልክ ነው። በሥራዬ እንዳየሁት ትርፉ ከዕቃው ጋር እየተጓዘ ነው የሚወፍረው። ጫካ ያለው ሰው ሳንቲም ያገኛል፣ ሰነድ የሚያዘጋጀው ብር፣ ዶላሩ ግን የመጨረሻው ሻጭ ዘንድ ነው። እስር ቤት የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳንቲም ያገኘው ነው።

ሐኪሟ፦ ዶላሩም ድፍረት ሰጥቷቸዋል። በ2022 በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ሉቡምባሺ የሚገኝ ጃክ የሚባል መጠለያ ውስጥ ሌሊት ገብተው ሦስት የቺምፓንዚ ግልገሎችን ሰረቁና “ገንዘብ ካልላካችሁ እንገድላቸዋለን” አሉ። መጠለያው አልከፍልም አለ። ቢከፍል ኖሮ በየአገሩ ያለ መጠለያ ሁሉ የዘራፊ ባንክ ይሆን ነበር። ከጫካ የዳነ ግልገል ከመጠለያም ይሰረቃል እንግዲህ።

ጋሼ፦ ሁሉም እንዲህ አስቸጋሪ ነው ማለት ነው?

ሐኪሟ፦ አይደለም፤ በእንስሳው ይለያያል። ግራጫውን የአፍሪካ በቀቀን ይውሰዱ። ቅርንጫፍ ላይ ሙጫ ይቀባሉ፤ አንድ የተያዘ በቀቀን አጠገቡ ያስሩና ሲጮኽ መንጋው ይወርዳል፤ ወርዶም ይጣበቃል። የክንፉን ላባ ይቆርጡታል። እየተጠቀጠቀ ሲጓዝ በብዛት ይሞታል። ከ1975 ወዲህ በሕጋዊ ወረቀት ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ወደ ውጭ ተልከዋል፤ መንገድ ላይ የሞተው በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ጋና ውስጥ ከ1992 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ጠፍቷል። በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ወደ አንደኛው ዝርዝር ገባና ዓለም አቀፍ ንግዱ ተዘጋ።

ጋሼ፦ የተያዘው በቀቀን ግን ይመለሳል?

ሐኪሟ፦ ከጎሪላ ይቀላል። ለንግድ በጅምላ የተያዘው አዋቂ ወፍ ጫካውን አልረሳም፤ የሚያስፈልገው ክንፍ ነው። ሊምቤ ውስጥ ሙጫውን አጥበው፣ ከሌላ ወፍ የወደቀ ላባ በተቆረጠው ግንድ ላይ ገጥመው፣ በሰፊ ጎጆ በረራ አለማምደው በቡድን ይለቃሉ። ፓንጎሊን የሚባለው እንስሳ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በሰው እጅ ብዙ አይኖርም፤ የሚበላው ጉንዳንና ምስጥ ነው፤ ከታሰረ ይጨነቃል፣ ይታመማል። እሱን ጠባቂው ጫካ ይዞት ወጥቶ ጉንዳን ሲፈልግ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል፤ እንዳገገመ መለቀቅ አለበት። ስለዚህ አንድ መመሪያ ለሁሉ አይሆንም። ጎሪላ ዓመታት ይጠይቃል፤ ፓንጎሊን ቀናት ሊገድሉት ይችላሉ። የወረሰው ጉምሩክ የያዘውን ካላወቀ ሐኪም እስኪመጣ እንስሳው ያልቃል።

ጋሼ፦ እሱን ስትይ ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ጎሪላ የለን፣ ቦኖቦ የለን። ግን ቦሌ አለን። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚነሣ ጭነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ትራንዚት ዕቃ የሌላ አገር ዕቃ ነው ብሎ ማሳለፍ ይቀላል፤ ሥራ ይበዛል፣ አውሮፕላን አይጠብቅም። የኢስታንቡሉም ግልገል ትራንዚት ነበር። ያን ሳጥን ያስከፈተው ሰው ቢሰንፍ ኖሮ ዛሬ የግልገሉን ስም አናውቅም ነበር።

ሐኪሟ፦ እኛም የራሳችን ዕዳ አለብን። ከአፍሪካ ቀንድ የአቦሸማኔ ግልገሎች እየታፈሱ ባሕር ተሻግረው ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ይሸጣሉ፤ ሀብታም ቤት ለማዳ ተደርገው ፎቶ ይነሣባቸዋል። ሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የሚባለው ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ያኖራል። ገና በጡጦ ሳለ ከእናቱ የተነጠቀ አቦሸማኔ ማደን አልተማረም፤ አብዛኛው እዚያው ያረጃል። የኮንጎው ታሪክ በሜዳ እንስሳ ሲደገም ነው የምናየው።

ጋሼ፦ ሕጉስ? የዱር እንስሳት አዋጅ አለን አይደል? ዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ክልክል ነው።

ሐኪሟ፦ ሕጉ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከመውረስ በኋላ ያለው ነው። ዛሬ ማታ ቦሌ ላይ አንድ የቺምፓንዚ ግልገል ቢያዝ ማን ይረከበዋል? የት ያድራል? ናሙና ማን ይወስዳል? ለየትኛው አገር፣ በስንት ቀን ውስጥ ይጻፋል? ወጪውን ማን ይከፍላል? ይህ ከመያዙ በፊት ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ነው። ታይፒንጎቹ ከአምስት ዓመት በላይ የተንከራተቱት አስቀድሞ ያሰበበት ስላልነበረ ነው።

ጋሼ፦ ወጪውንማ አዘዋዋሪው ይክፈላ! የተያዘ መኪና ይወረሳል፣ ይሸጣል። የእንስሳ ነጋዴም ከእስራቱ በላይ የግልገሉን የዕድሜ ልክ ቀለብ በፍርድ ይክፈል። ሃምሳ ዓመት ነው ካልሽኝ የሃምሳ ዓመቱን። ያኔ ትርፉ ያስጠላዋል።

ሐኪሟ፦ ይህን ከሰው ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ትክክል ነው። የእኔም ማሳሰቢያ አንድ ነው፤ መመለስ የመጨረሻው ጥገና እንጂ መፍትሔው አይደለም። 37 ቺምፓንዚ ለመመለስ ያን ሁሉ ዓመት ፈጀ፤ የጠፋው በሺዎች ነው። ማዳን የሚባለው ከሁሉ በፊት እናቲቱ ሳትገደል የሚሠራው ነው፤ ደን ማስጠበቅ፣ ለደኑ ሕዝብ ገቢ መስጠት፣ ገዢውን ማሳጣት። መጠለያ የሚያስፈልገው እነዚህ ሲከሽፉ ነው።

ጋሼ፦ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሐኪሟ፦ አዎ። ገዢ ስል ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ቱጃር ብቻ አይምሰልዎ። ዱባይና ሪያድ፣ ዋሽንግተንም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሱሪ የለበሰ የቺምፓንዚ ግልገል በስልኩ አይቶ እየሳቀ ለወዳጁ ሲልክ ለሻጩ በነፃ እያስተዋወቀለት ነው። እንዲያ ለብሶ የሚስቅ የሚመስለው ግልገል ብዙ ጊዜ ጥርሱን የሚያሳየው ፈርቶ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲህ የየድርሻችንን ተናግረን እናብቃ። የእኔ ለሥራ ልጆቼ ነው። “በሰው እጅ የተወለደ” የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ የት ተወለደ፣ እናቱና አባቱ የታሉ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ እስኪመጣ ጭነቱ ይቁም። ሳጥኑን ከከፈታችሁ ደግሞ ወደ ፋይል ከመሮጣችሁ በፊት ሐኪም ጥሩ።

ሐኪሟ፦ የእኔ ለመንግሥታትና ለአንባቢ ነው። የወረሰ መንግሥት እንስሳው ደን እስኪገባ፣ ካልሆነለትም በመጠለያ ዕድሜውን እስኪጨርስ ባለዕዳ ነው፤ በጀቱን ከፍርዱ ጋር አብሮ ይያዝ። አንባቢ ደግሞ የዱር ግልገል አትግዛ፤ በስጦታ ቢመጣልህም አትቀበል፤ ሲሸጥ ካየህ ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን ወይም ለፖሊስ አመልክት። አንድ ግልገል በተገዛ ቁጥር ሌላ እናት ትገደላለች።